ኮቴሲያ፦ መልክ ብቻውን የማይለያቸው ተርቦች

የኮቴሲያ ተርቦች ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ጥቁር፣ በተራ ዓይን ሁሉም አንድ የሚመስሉ ናቸው። እናቲቱ እንቁላሏን በእሳት ራት ወይም በቢራቢሮ ትል ውስጥ ትጥላለች፤ እጮቹ ከውስጥ እየተመገቡ ያድጉና ቆዳውን በስተው ወጥተው የሐር ሽፋን ይፈትላሉ። ጂነሱን በ1891 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሰየመው የነፍሳት ተመራማሪው ካሜሮን ቢሆንም፣ ዝርያዎቹ ለብዙ ዘመን አፓንቴለስ በሚባለው ሰፊ ጂነስ ውስጥ ተጠቃልለው ኖረዋል። ሌላው ተመራማሪ ሜሰን በ1981 ያ ጥርቅም ከአንድ ግንድ እንዳልወጣ አሳይቶ ሲከፋፍለው ኮቴሲያ ራሱን ችሎ ቆመ። ክርክሩ ግን አላበቃም፤ ከጂነስ ወደ ዝርያ ወረደ።

በበቆሎና በማሽላ አገዳ ቆርቁር ላይ የሚኖሩት፣ ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የሚባለው ዝርያና የቅርብ ዘመዶቹ፣ የችግሩን ልክ ያሳያሉ። እነዚህን ለመለየት ባለሙያዎች ሲመረኮዙ የኖሩት በወንዶቹ የመራቢያ አካል ቅርጽ ላይ ነበር፤ ሴቷን ብቻ የያዘ ሰው ብዙም አይራመድም። ታዲያ እንዲህ መሰንጠቁ የስም ቅንጦት አይደለም ወይ? ለገበሬውስ ምን ይረባዋል? የሚል ተቃውሞ ይነሳል። መልሱ ኬንያ ውስጥ አለ። ኮቴሲያ ሴሳሚዬ በሚል አንድ ስም የሚጠራው የደጋማው ኪታሌ አካባቢ ተርብ ቡሴዮላ ፉስካ በሚባለው አገዳ ቆርቁር ውስጥ ይራባል፤ የባሕር ዳርቻዋ የሞምባሳ ተርብ ግን በዚያው ትል ውስጥ እንቁላሉ በመከላከያ ሴሎች ተከብቦ ይሞታል። ልዩነቱ እናቲቱ ከእንቁላሏ ጋር ከምትረጨው፣ የትሉን መከላከያ ከሚያዳክመው ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው። ስሙን ብቻ አይቶ የባሕር ዳርቻውን ተርብ ደጋ የለቀቀ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

እንግዲያው ዲኤንኤውን አንብቦ መገላገል ነው የሚሉም አሉ። በኮስታሪካ የተደረገውና በ2008 የታተመው ጥናት ያበረታታቸዋል፦ በመልክ 171 ተብለው የተቆጠሩ ኮቴሲያ የሚገኝበት ንዑስ ቤተሰብ ተርቦች፣ የዘረ መል ምልክታቸውና የወጡበት ትል ሲታከል 313 ሆነው ተገኝተዋል። ልብ በሉ፤ ትሉም ታክሎ ነው። ለዚህ የሚነበበው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው፤ ዎልባኪያ የሚባለው፣ እሱም በእናት በኩል የሚተላለፍ ባክቴሪያ በገባበት ሕዝብ ውስጥ ደግሞ ምስክርነቱ ሊዛባ ይችላል። በእኔ ሚዛን መልክ፣ ዲኤንኤና አስተናጋጅ ትል አንድ ላይ ሲመሰክሩ ብቻ ነው ዝርያ መሰየም ያለበት። ቀድሞ ከሴሳሚዬ ጋር ይቆጠር የነበረው ኮቴሲያ ታይፌ በ2017 ራሱን ችሎ የተሰየመው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው ዓመት ከኬንያ ለተገኘ ሌላ ተርብ ኮቴሲያ ኢሲፔ የሚል ስም ወጣለት። ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያ ውስጥ በአሜሪካ መጤ ተምች ላይ በተደረገ አሰሳ ከእጭ አጥቂዎቹ ሁሉ በብዛት የተገኘው ይኸው ተርብ ሆነ፤ ከተሰበሰቡት ትሎች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑትን ይዞ ነበር።