የትራፊክ ቅጣት በገቢ ልክ ቢሆንስ? የሕግ መሠረቱና ለመንገድ ደኅንነት ያለው ፋይዳ

የትራፊክ ደንብ ተላልፎ የተገኘ አሽከርካሪ በአገራችን የሚከፍለው ቅጣት እንደ ጥፋቱ እርከን አስቀድሞ በደንብ የተወሰነ ነው። የራሱን መኪና የሚነዳ ባለሀብትም ሆነ በሰው ሚኒባስ ተቀጥሮ የሚሠራ ሹፌር ለአንድ ዓይነት ጥፋት እኩል ብር ይከፍላሉ። አሠራሩ ለሁሉም እኩል ቢመስልም በሁለቱ ላይ የሚያሳርፈው ጫና የተራራቀ ነው። ቅጣቱ 1,000 ብር ነው ብንል፣ በወር 8,000 ብር ለሚያገኝ ሹፌር የአራት ቀን ገቢው ገደማ ይሆናል፤ በወር 200,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ግን የአንድ ቀን ገቢው ስድስተኛ እጅ አይሞላም። ለመጀመሪያው ሰው ቅጣት የሆነው ለሁለተኛው በፍጥነት የመንዳት ክፍያ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ አገሮች ይህን ልዩነት ለማጥበብ ቅጣትን ከገቢ ጋር አስተሳስረዋል። ፊንላንድ ሥርዓቱን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በዚያ ከተወሰነው ፍጥነት በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ አሳልፎ የነዳ ሰው ቅጣቱ የሚሰላው በቀን ነው፤ ከተጣራ ወርኃዊ ገቢው 255 ዩሮ ተቀንሶ ቀሪው ለ60 ይካፈላል፣ ውጤቱም እንደ ጥፋቱ ክብደት በሚወሰን የቀን ብዛት ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኦላንድ ደሴቶች 50 ኪሎ ሜትር በተወሰነበት መንገድ በ82 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የተገኘው ባለሀብት አንደርስ ቪክሎፍ 121,000 ዩሮ ተቀጥቷል፤ መንጃ ፈቃዱም ለ10 ቀናት ታግዷል።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 90 ፍርድ ቤት የገንዘብ መቀጮ ሲወስን የጥፋቱን ደረጃ ብቻ ሳይሆን የጥፋተኛውን የገንዘብ አቅም፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱን፣ ከሥራው የሚያገኘውን ገቢ፣ ዕድሜውንና ጤንነቱን እንዲመዝን ያዝዛል። ሆኖም ይህ ሚዛን የሚሠራው ጉዳዩ በወንጀል ክስ ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው። መንገድ ላይ የሚቆረጠው የቅጣት ወረቀት ገቢን አይጠይቅም። በፍርድ ቤትም ቢሆን ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፤ ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ በመጣስ በቸልተኝነት ሰው የገደለ አሽከርካሪ በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። እስራቱ ከባድ ነው፤ መቀጮው ግን ከብር የመግዛት አቅም መቀነስ ጋር እየቀለለ ሄዷል።

የቅጣቱ ክብደት ለማን እንደሚጠቅም ለመረዳት የላስታን መንገዶች መመልከት ይበቃል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ፣ ከላሊበላም ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስዱት ተራራማ መንገዶች አብዛኛው ተጓዥ እግረኛ ነው። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ሲውል እህል የጫኑ አህዮች፣ ፍየል የሚነዱ ሕፃናትና ሸክም ያዘሉ እናቶች ከአይሱዙና ከሚኒባስ ጋር አንድ መንገድ ይጋራሉ። ጥቅምት 19 የይምርሐነ ክርስቶስ በዓል፣ ታኅሣሥ 29 ደግሞ ልደት ሲከበር የምእመናኑ ቁጥር ይበረክታል፤ ከሩቅ በእግሩ የሚመጣውም ብዙ ነው። የእግረኛ መሄጃ በሌለበት ጠመዝማዛ ላይ አሽከርካሪው የሚጨምረው ፍጥነት አደጋውን የሚያሸክመው ከመኪናው ውጪ ያለውን ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ ዕድል በ4 በመቶ ያህል ከፍ ይላል።

ታዲያ ቅጣቱ ነገውኑ በገቢ ልክ ይሁን ማለት ይቻላል? ዋናው እንቅፋት ገቢን ማወቅ ነው። የፊንላንድ ፖሊስ የግብር መዝገብ አይቶ ያሰላል። በእኛ አገር ደመወዝተኛው በመዝገብ ይታወቃል፤ የሒሳብ መዝገብ የማይዘው ነጋዴና በምልልስ የሚያድረው ሹፌር ግን በትክክል አይታወቁም። ስለዚህ ሥርዓቱ ሳይዘጋጅ ቢጀመር ገቢው በግልጽ የሚታየው መምህርና ነርስ ከባለሀብቱ በላይ ሊቀጡ ይችላሉ። ሌላም ጉዳይ አለ። ብዙ የታክሲና የሚኒባስ ሹፌሮች ለባለንብረቱ የዕለት ገቢ አስገብተው የተረፈውን ይወስዳሉ። አንድ ተጨማሪ ምልልስ ለመሥራት የሚፈጥነው፣ ትርፍ የሚጭነውም ለዚሁ ነው። የሹፌሩ ገቢ ብቻ ከተሰላ ፍጥነቱ ያተረፈው ባለንብረት ሳይነካ ይቀራል።

በአሁኑ ሥርዓት ከኪስ አቅም ጋር የማይያያዝ አንድ ቅጣት አለ፤ እርሱም ከደንብ ቁጥር 208/2003 ጀምሮ የሚታወቀው የጥፋት ነጥብ ነው። ነጥቡ በመንጃ ፈቃዱ ላይ እየተመዘገበ ሲጠራቀም ፈቃዱን ያሳግዳል፤ ባለሀብቱም በገንዘብ አይዋጀውም። ነጥቡ የሚሠራው ግን በየወረዳው የተቆረጠ ቅጣት ሁሉ ሳይዘለል ሲመዘገብ ነው። በጋሸና የተመዘገበ ጥፋት በወልድያም በደብረ ታቦርም መታየት አለበት።

በትራፊክ አደጋ ተከሶ ጥፋተኛ የተባለ ሰው የቅጣት አስተያየት ሲጠየቅ የደመወዝ ማስረጃውንና የሚያስተዳድራቸውን ቤተሰቦች የሚገልጽ ሰነድ ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ ይችላል። ዐቃቤ ሕግም በተመሳሳይ መንገድ የተከሳሹን ሀብት አስረድቶ መቀጮው በሕጉ ጣሪያ እንዲወሰን ሊጠይቅ ይችላል።