የቡድን ሩጫ እንዴት ይቆጠራል?

ስለ ሩጫ ባወራን ቁጥር፣ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በይፋት ቆላ ቀበሌዎች፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። «ሩጫ እኮ የየራስ ጉልበት ነው። የቀደመ ቀደመ፣ የቀረ ቀረ። ታዲያ ኢትዮጵያ በቡድን አሸነፈች ሲባል ምን ማለት ነው? አንዱ ሌላውን አዝሎ ይሮጣል እንዴ?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ከመደመር የበለጠ ሒሳብ አያስፈልግም። እርሳስና ወረቀት ብቻ አዘጋጁ።

በመጀመሪያ የምናውቀውን ሥራ እንመልከት። ማሽላ በደቦ ሲታረም ብዙ ሰው ይሰለፋል። ጎበዙ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ከማሳው ጫፍ ይደርሳል። እሱ ስለ ደረሰ ግን ማሳው ታረመ አይባልም። ታረመ የሚባለው ኋላ የቀረው ሰው ድርሻውን ሲጨርስ ነው። ወፍ ጥበቃም እንዲሁ ነው። አንዱ ማማው ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ሲወነጭፍ ቢውል፣ ጎረቤቱ ከተኛ ወፉ በዚያ በኩል ይገባል። የቡድን ሩጫም ሒሳቡ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አገር አቋራጭ የሚባል ሩጫ አለ። በአስፋልት ላይ አይደለም የሚሮጠው። በሜዳ፣ በሣር፣ በጭቃ፣ በዳገትና በቁልቁለት ነው። የዓለም ሻምፒዮናው አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ1965 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የወንዶች ርቀት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አንድ አገር እስከ 9 ሯጮች ያሰልፍ ነበር። ከዘጠኙ ውስጥ ቀድመው የገቡት የ6 ሰዎች ደረጃ ይደመር ነበር። አንደኛ የወጣ 1 ይያዝለታል፤ አሥረኛ የወጣ 10፤ ሃምሳኛ የወጣ 50። ድምሩ ትንሽ የሆነለት ቡድን ያሸንፋል።

እስቲ እንሞክረው። ሁለት መንደሮች ተወዳደሩ እንበል። የላይኛው መንደር ሯጮች 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 20ኛ፣ 30ኛና 40ኛ ሆነው ገቡ። የታችኛው መንደር ሯጮች ደግሞ 8ኛ፣ 9ኛ፣ 10ኛ፣ 11ኛ፣ 12ኛና 13ኛ ሆኑ። እልልታው ለላይኛው መንደር ነው፤ ሦስቱንም ሽልማት ወስዷልና። አሁን ደምሩ። የላይኛው 96 ይሆናል፤ የታችኛው 63። ከታችኛው መንደር አንድም ሰው ለሽልማት አልቆመም። ዋንጫው ግን የታችኛው መንደር ነው።

ድምሩ ትልቅ የሆነለት ቡድን የሚያሸንፍበት ውድድርም አለ። ከነዚህ አንዱ በዶቅዶቄ የሚደረገው ነው። ስፒድዌይ ይባላል። በፖላንድ፣ በስዊድን፣ በዴንማርክ፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ብዙ ወዳጅ አለው። አራት ሰዎች በአራት ሞተር ብስክሌት ሆነው፣ እንደ ዕንቁላል በሞለለ የአፈር ሜዳ ላይ አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ። አንዱ ውድድር የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ሞተሮቹ ፍሬን የላቸውም። ማርሻቸውም አንድ ብቻ ነው። ነጂው ከመታጠፊያው ሲደርስ የኋላውን ጎማ ያንሸራትትና፣ ብረት የተገጠመለትን የግራ ጫማውን መሬት ላይ እየጎተተ ይታጠፋል። (ከጣርማ በር የሚወርድ መኪና ፍሬን ሲያጣ ምን እንደሚሆን ለምናውቅ ለእኛ፣ ፍሬን የሌለው ሞተር ብዙም አያምረንም።) አንደኛ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1 ያገኛል። አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። እንዲህ እየተደጋገመ እያንዳንዱ ነጂ የለቀመው ነጥብ ለአገሩ ይደመራል። የዓለም የቡድን ዋንጫው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ሲጀመር ያሸነፈችው ስዊድን ነበረች። እዚያ ትልቁ ድምር ያሸንፋል፤ በእግር ሩጫው ትንሹ። በሁለቱም ግን አንድ ብርቱ ሰው ብቻውን አገሩን ሊያወጣ አይችልም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ። በ10,000 ሜትሩ መሐመድ ከድር ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ ወሰደ። ይህ ከሆነ ከስምንት ወር በኋላ፣ መጋቢት 19 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈች። ቦታው የስፔን ዋና ከተማ ማድሪድ፣ ፈረስ የሚሽቀዳደምበት ሜዳ ነበር።

የእኛ ልጆች ተያይዘው ወደ ፊት ወጡ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የለበሱት ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ሲመሩ የሌላው አገር ሯጭ ከኋላ ቀረ። በዚያ ላይ እያሉ ግን ዙር ቆጠራው ተሳሳተባቸው። አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መሰላቸው። የቀራቸውን ጉልበት ሁሉ አውጥተው ወደ መጨረሻው መስመር ተፈተለኩ። ደርሰው ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ ገና አንድ ሙሉ ዙር እንዳለ ተነገራቸው።

ይህን የሮጠ ሰው ያውቀዋል። ሸክም ተሸክሞ ቤቱ ደጃፍ ደርሶ ያወረደ ሰው፣ «ተሳስተሃል፣ ቤትህ ከዚያ ማዶ ካለው ጉብታ በስተጀርባ ነው» ቢባል ጉልበቱ እንዴት እንደሚከዳው አስቡት። ከኋላ የነበሩት ደረሱባቸው። መሐመድ ከድር ግን እንደገና ተነሥቶ ሮጠ። እስከ መጨረሻው ከመሪዎቹ ጋር ተናንቆ፣ አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን በጥቂት እርምጃ ቀደመውና ሁለተኛ ሆነ። የአንደኝነቱ ወርቅ በአንድ ዙር ስሕተት ከእጅ አመለጠ።

አሁን ድምሩ መጣ። ሌሎቹም ኢትዮጵያውያን ሩጫውን አልተዉም ነበር። ተበሳጭተው ከሜዳው ቢወጡ ኖሮ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ግን እየተንገዳገዱም ቢሆን ያንን የቀረውን ዙር ጨረሱ። የስድስቱ ደረጃ ሲደመር ከሁሉም አገር ያነሰ ሆነ። የቡድኑ ዋንጫ የኢትዮጵያ ሆነ፤ የቨርጂን አገር አሜሪካ ከኢትዮጵያ በታች ቀረች።

የዙር ቆጠራ ነገር ከተነሣ፣ ምሩጽ ይፍጠርንም ያጋጠመው ይኸው ነው። በ1963 ዓ.ም. ሐምሌ በአሜሪካ አገር በ5,000 ሜትር ሲሮጥ፣ አንድ ዙር እየቀረው ያለቀ መስሎት በኃይል ተፈትልኮ ቆመ። በማግሥቱ ግን 10,000 ሜትሩን አሸነፈ። በሩጫ ሜዳ የቀረው ዙር በሰሌዳ ላይ በቁጥር ይታያል፤ ለመጨረሻው ዙርም ደወል ይደወላል። ቢሆንም ደም ወደ ራስ በወጣበት ሰዓት ቁጥር ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከማድሪድ በኋላ ያለውን ባጭሩ እንንገራችሁ። በ1974 ዓ.ም. ሮም ላይ መሐመድ ከድር አንደኛ ወጣ፤ ቡድኑም አሸነፈ። በ1975 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በቀለ ደበሌ በመጨረሻዋ ሰዓት ተሽቀዳድሞ አንደኛ ሆነ፤ ቡድኑም አሸነፈ። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. አንደኛ የወጣው የፖርቱጋሉ ካርሎስ ሎፔስ ነበር፤ ሁለተኛውን ያሸነፈው በገዛ አገሩ በሊዝበን፣ በ38 ዓመቱ ነው። የቡድን ዋንጫው ግን ሁለቱንም ጊዜ የኢትዮጵያ ነበር።

ቁጥሩን ልብ በሉ። በአምስት ዓመት አምስት የቡድን ዋንጫ። ከአምስቱ ኢትዮጵያዊ አንደኛ የወጣው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የቀሩትን ሦስት ዋንጫዎች ያመጣው ማነው? ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ሆነው የገቡልን ሰዎች ናቸው። ስማቸውን በቃሉ የሚነግረን ሰው ብንፈልግ ብዙም አናገኝም። እንደኛ እንደኛ ይህ ትክክል አይደለም። ዘፈኑም ሥዕሉም ለአንደኛው ብቻ ይሆናል፤ ሒሳቡ ግን ስድስተኛውን ከአንደኛው እኩል ይቆጥረዋል።

ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ኬንያ የወንዶቹን የቡድን ዋንጫ ወሰደችና 18 ዓመት ሙሉ አልለቀቀችም። በ1996 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ በረጅሙ ርቀት ቀነኒሳ በቀለ፣ ገብረ እግዚአብሔር ገብረ ማርያምና ስለሺ ስህን ተከታትለው ገብተው ዋንጫውን አስመለሱ። በዚያን ጊዜ የሚደመረው የአራት ሰው ደረጃ ብቻ ሆኖ ነበር።

«ሩጫ የደጋ ሰው ነው፤ እኛ ቆለኞች ምን አገባን?» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አለው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ደም ብዙ አየር መሸከምን ይለምዳል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ይሁን እንጂ በቀበሌና በቀበሌ መካከል ለሚደረግ ውድድር ሁሉም ያው ቆላ ነው፤ ማንም በማንም አያመካኝም።

ውድድሩን ለማካሄድ ገንዘብ አይጠይቅም። የታጨደ የማሽላ ማሳ ጉቶው እግር ይወጋል፤ የግጦሽ ሜዳ ይሻላል። ዙሩን በአመድ አስምሩ። ፀሐይ ሳትከር፣ ገና በማለዳ ይጀመር፤ የሚጠጣ ውኃም ይዘጋጅ። የቀረውን ዙር በትልቁ ጽፎ የሚያሳይ አንድ ሰው ይቁም፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ለየብቻ ይቁጠሩ። በመጨረሻው መስመር ላይ አንዱ ለገባ ሁሉ ተራ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይስጥ፤ ሌላው ስሙንና ቀበሌውን ይመዝግብ። ከዚያ የየቀበሌው የስድስት ሰው ቁጥር በሕዝብ ፊት ይደመር። ድምሩ እኩል ቢመጣ አትጨቃጨቁ፤ ደንቡ ለዚህም መልስ አለው። የሁለቱም ቡድኖች ስድስተኛ ሰው ይታያል፤ ስድስተኛው ቀድሞ የገባለት ቡድን ያሸንፋል።