ቢላ ሠሪ ምን ሠርቶ ይበላል?

ቢላ በኢትዮጵያ ፈላጊ አጥቶ አያውቅም። ቁርጥ ቤቱ ይፈልገዋል፣ ፋሲካ ሲደርስ እያንዳንዱ ቤት ይፈልገዋል፣ በሲዳማ ጓሮ እንሰት የሚቆርጠውም ይፈልገዋል። በሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶ ዓሣ እየገፈፉ ፊሌቶ የሚያወጡት ወጣቶች ደግሞ ያለ ስለት አንድ ቀን አይውሉም። ይህ ሁሉ ገዢ እያለ ቢላ ቀጥቅጦ ሀብታም ሆነ የተባለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ በሲዳማ ይብሳል። ብረት ቀጥቅጦ ቢላ፣ ማጭድና ዶማ ማውጣት ቱንቲቾ ለሚባሉት ወገኖች የተተወ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ሸክላው ለሐዲቾ፣ ቆዳው ለአዋቾ እንደተተወው። ሌላው ሰው ቢቸግረው እንኳ ወናፍና መስፍ አጠገብ አይቀመጥም፤ ነውር ነው፣ ለልጁም ጋብቻ ያሳጣዋል። የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጽሐፍ ይህን ቢያይ ወደ ሞኖፖሊ የተጠጋ ይለዋል። አቅራቢው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ፣ አዲስ ተወዳዳሪ ደግሞ በሩ የተዘጋበት ገበያ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ዋጋ ይሰቀላል ተብለን ተምረናል። ቀጥቃጩ ግን ዋጋ ሲሰቅል አልታየም፤ ገዢው የጠራለትን ተቀብሎ ኖረ።

መጽሐፉ የተሳሳተ አይመስለኝም፤ የረሳነው አንድ ነገር አለ። ዋጋ ለመጥራት አቅራቢው ጥቂት መሆኑ አይበቃም። ‹‹በዚህ ዋጋ አልሸጥም›› ብሎ ወደ ቤቱ መግባት መቻል አለበት። ቤቱ ሲገባ የሚበላው ነገር ከሌለ ገዢው ይህን ያውቃል፤ ድርድሩም ሳይጀመር አልቋል።

እስኪ ራቅ ብለን እንይ። በአሜሪካ የእጅ ቢላ ታሪክ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሳ ሰዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ እንጀራቸው ሌላ ነበር። ቦ ራንዳል ፍሎሪዳ ውስጥ የብርቱካን እርሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1937 አንድ ሰው የጀልባ ቀለም በቢላ ሲፍቅ ስለቱ ምንም አለመሆኑን አይቶ ተገረመና በትርፍ ጊዜው መቀጥቀጥ ጀመረ። ቢል ሞራን የሜሪላንድ ገበሬ ነበር፤ እርሻውን ሸጦ ሙሉ በሙሉ ወደ ቢላው የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቦብ ላቭለስ ደግሞ መርከበኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሱቅ ገብቶ የራንዳልን ቢላ ሲጠይቅ ወራት መጠበቅ እንዳለበት ተነገረው። መጠበቁን አልወደደውም፤ ከአሮጌ ፓካርድ መኪና ባሌስትራ የራሱን ሠራ። ያው ሱቅ ኋላ የእሱንም ቢላ መሸጥ ጀመረ።

ባሌስትራ መሆኑን ልብ በሉልኝ። የእኛ ቀጥቃጭ ከቆራሌው የሚገዛው ያንኑ ብረት ነው። ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ስላለው፣ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ካርቦኑ አነስተኛ የሆነው ፌሮ ግን የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥ በሁለተኛው ሽንኩርት ይዶለዱማል። እንግዲህ ብረቱ አንድ ነው፣ እሳቱ አንድ ነው፣ በእጅ ጥበብም ልዩነቱን ማግኘት ይከብዳል። የራንዳል ደንበኛ ግን ወራት ይጠብቅ ነበር፤ የእኛው ደንበኛ ቆሞ ይከራከራል። ራንዳል ቢላው ሳይሸጥ ቢከርም ብርቱካኑ ያበላው ነበር።

ለእኛ ቀጥቃጭ ብርቱካኑ መሬት ነው። በደቡብ ብዙ ቦታ ባለእጆች መሬት የመያዝ መብታቸው የጠበበ ወይም ጭራሽ የተነፈገ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው ስም መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። የንጉሠ ነገሥቱ ቀናነት አያጠራጥርም፤ ስድብ መከልከሉ ግን የቢላን ዋጋ አንድ ቤሳ አልጨመረም። የበለጠ ለውጥ ያመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር ማለትም እስከ ሩብ ጋሻ መሬት ሊይዝ ይችላል ተባለ። 10 ሄክታር ማንም አላገኘም ማለት ይቻላል፤ ትንሽ የእንሰት ጓሮ ላገኘ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥቃጭነቱ ሁለተኛ ሥራው ሆነ። እንሰት ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ተክል ነው፤ ቆሞ ዓመታት ይጠብቃል፣ በፈለጉት ወር ይቆረጣል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስላት ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ቢላ የባሌስትራ ቁራጭ 100 ብር፣ ከሰል 80 ብር፣ እጀታና ሞረድ 40 ብር ይፈጃል እንበል፤ በድምሩ 220። ግማሽ ቀን ተሠርቶ በ400 ብር ቢሸጥ 180 ብር ይተርፋል። ያው ሰው ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ በቀን 500 ብር የሚያገኝ ከሆነ ግማሽ ቀኑ 250 ብር ያወጣል። ስለዚህ ቢላው አላተረፈም፤ 70 ብር አክስሮታል። ቀጥቃጮቻችን ብዙ ጊዜ የሚያሰሉት ብረቱንና ከሰሉን ብቻ ስለሆነ ይህ ኪሳራ አይታያቸውም። አሁን ሰውየው ቀን ብየዳ ቤት የሚሠራ፣ ቢላውን ማታ የሚቀጠቅጥ ነው እንበል። የማታው ሰዓት ሌላ ገዢ የለውምና 180ው ብር ሙሉ በሙሉ ትርፍ ነው። ከዚያም በላይ 400 አይበቃኝም ብሎ ቢላውን አስቀምጦ ለበዓል በ600 መሸጥ ይችላል። ብየዳ ቤቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በር ሲበይድ የሚውለውን ወጣት ማንም አይጸየፈውም፤ ልጁንም ይድሩለታል። ብረቱ ያው ብረት ሆኖ ሳለ ነውሩ መዶሻው ላይ ብቻ መቅረቱ የሚገርም ነው፤ ለገበያው ግን በር ከፋች ነው።

ቡሹሎን እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይላል። ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጤና ማዕከል ነው። ሐይቁን ተጠግቶ፣ ሐዋሳ ከእንሰቱ ጋር የሚገፋፋበት ሰፈር ነው። እንዲህ ባለ የከተማ ጠርዝ ሁለተኛው ገቢ ከጓሮ ወደ ደመወዝ እየተቀየረ ይሄዳል። ጥያቄው ደመወዙ እንሰቱን ይተካል ወይ ነው። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ከገጠር መሬቱ በቋሚነት ለሚነሳ ባለይዞታ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ አስቀመጠ። ቀመሩ የሚያየው ከመሬቱ የወጣውን ገቢ ነው። መሬቱ ባለቤቱን ‹‹አልሸጥም›› እንዲል ያስቻለው መሆኑ በቀመሩ ውስጥ ቦታ የለውም። በሌላ በኩል ሐምሌ 2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የፋብሪካዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል (አጎዋ) ስትወጣ ያ ደመወዝም አስተማማኝነቱ ቀነሰ። በወር 26 ዶላር የሚያገኝ ሰው ገዢን አስቁሞ ለመከራከር አቅሙ ከእንሰት ባለቤቱ ያነሰ ይመስለኛል።

አጋጣሚው ግን ለቀጥቃጩ መጥፎ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከቻይና የሚመጣው የማይዝግ ቢላም ከዚህ አያመልጥም። አገር ቤት የተቀጠቀጠ ጥሩ ቢላ በዋጋ ሊፎካከር የሚችልበት ክፍተት ተፈጥሯል።

ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው ደግሞ ያ ቀን ብየዳ ቤት ውሎ ማታ ባሌስትራ የሚያግለው ሰው ነው። የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ድጋፋችን ግን በአመዛኙ የተዘረጋው ሥራ አጥ ተብለው ለተመዘገቡና ተደራጅተው ለሚመጡ ነው። ይህ ሰው ሥራ አጥ ስላልሆነ ከሰልፉ ይወጣል። ሥራውን ለቅቆ ቢመለስ ብድሩንና የመሥሪያ ቦታውን ሊያገኝ ይችላል፤ ቢላውን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ገዢው በጠራለት ዋጋ ይሰጣል፣ የወሩ የብድር ክፍያ ይደርስበታልና።