የዝናብ ዘገባን ማንበብ፦ ከገዳሪፍ እስከ መተማና ሁመራ

ከምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ ተነስቶ በዶካ በኩል እስከ ገላባትና መተማ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ እስከ ሁመራ የሚዘልቀው ቆላ ሰሊጥና ማሽላ የሚታፈስበት አገር ነው። መስኖ ጥቂት ነው፤ የሰፊው እርሻ ዕጣ የሚቆረጠው ከሰኔ እስከ መስከረም በሚጥለው ዝናብ ነው። በእነዚህ አራት ወራት ስለ ዝናብ ብዙ ይነገራል። የሚቲዎሮሎጂ ተቋማት በየአሥር ቀኑ መግለጫ ያወጣሉ፣ ሬዲዮ ያስተላልፋል፣ ነጋዴው በስልክ ይጠያየቃል፣ የእርዳታ ድርጅቶች ባለ ቀለም ካርታ ይበትናሉ። ከዚህ ሁሉ ተጨምቆ ሰው ጆሮ የሚደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝናቡ ከመደበኛው በለጠ ወይስ አነሰ? ይህ ጥያቄ ብቻውን ያሳስታል። በዚህ ቆላ የዝናብ ዘገባ ትርጉም የሚኖረው ከመጠኑ ጋር የዝናቡ አገባብ፣ በመካከል ያለው ክፍተትና የመሬቱ ሁኔታ አብረው ሲነበቡ ነው። ሦስቱን የዘለለ ዘገባ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ገበሬውን ለኪሳራ፣ የእርዳታ ሠራተኛውን ለመንገድ መዘጋት ሊዳርግ ይችላል።

መጀመሪያ አገሩን እንይ። ዝናቡ የሚመጣው የነፋሳት መገናኛ ቀጠና በበጋ ወደ ደቡብ ሸሽቶ ከቆየ በኋላ በሰኔ ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል፣ መስከረም ላይ ይሸሻል። ስለዚህ ደቡቡ ቀድሞ ይቀበላል፣ ዘግይቶም ይለቃል፤ ሰሜኑ ዘግይቶ ይቀበላል፣ ቀድሞ ይደርቃል። የገዳሪፍ ከተማ አማካይ ዓመታዊ ዝናብ ወደ 600 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ሲኬድ መጠኑ እየቀነሰ ወደ 400 ይወርዳል፤ ወደ ደቡብና ወደ መተማ አቅጣጫ ሲኬድ ይጨምራል። በአንድ ክልል ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ካለ «ገዳሪፍ ጥሩ ዘነበ» የሚለው ወሬ ለሰሜኑ ገበሬ ምንም አይነግረውም። በሱዳን በኩል ሰፊው የትራክተር እርሻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ የእንግሊዝ አስተዳደር ለጦሩ ቀለብ ሲፈልግ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ በተለምዶ በ1,000 ፈዳን፣ ማለትም በ420 ሄክታር፣ እየተሸነሸነ ተሰጠ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ስኩዌር ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በእንዲህ ያለ እርሻ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲጥል 4.2 ሚሊዮን ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። በዘገባው ላይ ኢምንት የምትመስል ቁጥር መሬት ላይ ስትወርድ ይህን ታክላለች።

ያ ውኃ የሚያርፈው ግን በየትኛውም አፈር ላይ አይደለም። ይህ ቆላ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ፣ ጥልቀቱም አንዳንድ ቦታ አንድ ሜትር የሚደርስ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ላዩን ሳያርስ በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይዘቅጣል፤ ቀስ በቀስ አፈሩ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል። ከገጠመ በኋላ ደግሞ ውኃ ማስገባቱን ያቆምና ላዩ ላይ ያቁራል። በሰኔ የጣለ 30 ሚሊ ሜትርና በነሐሴ የጣለ 30 ሚሊ ሜትር በመለኪያው ላይ እኩል ናቸው፤ በመሬቱ ላይ ግን የሰኔው ስር ያርሳል፣ የነሐሴው ኩሬ ይሠራል። የትራክተር ሥራም በዚሁ ይወሰናል። ገበሬው የመጀመሪያው ዝናብ አረሙን እስኪያበቅልለት ይጠብቃል፤ አረሙ ብቅ ሲል ባለ ዲስኩን ማረሻ አስገብቶ አረሙን እየገለበጠ ይዘራል። ከቸኮለ አረሙ ከዘሩ ጋር አብሮ ይበቅላል፤ ከዘገየ ዋልካው ጭቃ ሆኖ ትራክተሩን ይውጣል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ የዓመቱ ጥቅል ቁጥር ደግሞ ስለ እርሷ ምንም አይናገርም።

የአገባብንና የክፍተትን ነገር በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁለት እርሻዎች በሐምሌ እያንዳንዳቸው 150 ሚሊ ሜትር አገኙ እንበል። አንዱ በየስድስት ቀኑ 30፣ 30 እያለ ተቀበለ። ሌላው በወሩ መጀመሪያ በአንድ ዶፍ 75፣ በወሩ መጨረሻ በሌላ ዶፍ 75 ተቀብሎ በመካከል ሦስት ሳምንት ደረቀበት። ወርኃዊው ዘገባ ሁለቱን «መደበኛ» ይላቸዋል። የሁለተኛው ቡቃያ ግን በመጀመሪያ ውኃ የተኛበት፣ ቀጥሎ በፀሐይ የጠወለገ፣ በመጨረሻ እንደገና የተጥለቀለቀ ነው። ማሽላ ይህን በመጠኑ ይችለዋል። ሰሊጥ አይችልም፤ ውኃ ለቀናት ከተኛበት ስሩ ታፍኖ ይሞታል። ለዚህ ነው የግብርና ሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ዝናብ «ገባ» የሚሉት በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ጥሎ፣ በቀጣዩ አንድ ወር ረዘም ያለ ደረቅ ጊዜ ካልተከተለው ብቻ የሆነው። ይህን ያላሟላ ዝናብ አሳሳች ጅምር ይባላል፤ ገበሬው የዘራውን ዘር አስበልቶ ድጋሚ ዘር የሚያስገዛው እርሱ ነው። የወቅቱ መጨረሻም እንደዚሁ ነው። የሰሊጥ ነዶ ታስሮ ቆሞ ሳለ የሚመጣ የጥቅምት ዝናብ የወቅቱን ድምር ያሳምረዋል፤ ለገበሬው ግን ፍሬው የሚረግፍበትና የሚጠቁርበት ነው።

ወደ ትንበያው እንለፍ። ለአካባቢው የወቅት ትንበያ የሚዘጋጀው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ኢክፓክ የየአገሩን ባለሙያዎች ሰብስቦ በሚያካሂደው መድረክ ሲሆን የክረምቱ ትንበያ በግንቦት አካባቢ ይወጣል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የሱዳኑ አቻው የየራሳቸውን ዝርዝር ያክሉበታል። ትንበያው ሦስት ዕድሎችን ያስቀምጣል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ 45፣ 35 እና 20 በመቶ ከተባለ ሬዲዮው «ዘንድሮ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ ይሆናል» ብሎ ያስተላልፈዋል። ትንበያው ግን ያለው ይህንን አይደለም፤ ከመደበኛ በላይ የማይሆንበት ዕድል 55 በመቶ ነው፣ ከመደበኛ በታች የመሆኑም ዕድል ከአምስት አንድ ነው። «መደበኛ» ራሱ የሠላሳ ዓመት መዝገብ ተሠርቶ የተገኘ መካከለኛ እንጂ «በቂ» ማለት አይደለም። በሰሜን ገዳሪፍ መደበኛ ዝናብ ለሰሊጥ ጠባብ ነው፤ በመተማ ደግሞ ከመደበኛ በላይ የሆነ ዝናብ በዋልካው ላይ ጎርፍ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ትንበያው በመቶኛ የሚናገርና ብዙ ጊዜ የሚስት ከሆነ ምን ይፈይዳል? መልሱ ትንበያውን በአንድ ዓመት መመዘን ትክክል አለመሆኑ ነው። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ኤል ኒኞ የሚባለው ሲከሰት፣ የሰሜን ኢትዮጵያና የምሥራቅ ሱዳን ክረምት ወደ መሳሳት ያዘነብላል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታየው ድርቅ ለዚህ ምስክር ነው። ተቃራኒው ላ ኒኛ ሲመጣ ዝናቡ ይበረታል፤ በ2020 ሱዳንን ያጥለቀለቀው ጎርፍ በዚያው ጊዜ የመጣ ነው። ዝንባሌው እውነት ከሆነ ደግሞ ገበሬው ሙሉ እርሻውን ሰሊጥ ከመዝራት ከፊሉን በማሽላ ሊከፍል፣ ለድጋሚ ዘር ሊያስቀምጥ፣ ብድሩን በልክ ሊወስድ ይችላል። ትንበያ ጥንቃቄን በልክ ለመመደብ ይጠቅማል፤ ለውርርድ ያዋለው ግን ይጎዳበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ገበሬው ደመናውን፣ ነፋሱንና አፈሩን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሪፖርት ምን ይጨምርለታል? ስለ ራሱ ማሳ እውነት ነው፤ ዋልካው መቼ እንደገጠመ የሚያውቀው እርሱ ነው፣ ጥሩ ዘገባም ይህን እውቀቱን መጠየቅ አለበት። ነገር ግን የዚህ ቆላ ውኃ ከራሱ ሰማይ ብቻ አይመጣም። ጓንግ፣ አንገረብና ተከዜ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርደው በሱዳን ከአትባራ ይጠቃለላሉ፤ ሽንፋም ድንበሩን ሲያልፍ ራሃድ ይባላል። ጎንደር ደጋ ላይ ዶፍ ሲወርድ ቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ ሊያድር ይችላል፤ ወንዙ ግን ሞልቶ ይመጣል። ይህን ማንም ከማሳው ቆሞ አያየውም። የሚያሳየው ከላይ ወደ ታች፣ ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን በጊዜው የሚተላለፍ መረጃ ብቻ ነው።

መረጃውን ማን እንደሚለካውም መጠየቅ ያስፈልጋል። የበረዶ መንሸራተቻ መዝናኛዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት እዚህ ያስተምራል። የዳርትማውዝ ኮሌጅ ኢኮኖሚስቶች ጆናታን ዚንማንና ኤሪክ ዚትዘዊትዝ የመዝናኛዎቹን የበረዶ ዘገባ ሲመረምሩ፣ ደንበኛ በሚበዛበት ቅዳሜና እሑድ መዝናኛዎቹ ከሌላው ቀን 23 በመቶ ያህል የበለጠ አዲስ በረዶ እንደሚዘግቡ አገኙ፤ ሰማዩ ግን ቀን አይመርጥም። ማጋነኑ የቀነሰው ጎብኚዎች ያዩትን በስልካቸው ወዲያው ማጋራት ሲጀምሩ ነው። በእኛም ቆላ ከዘገባ የሚጠቀም አለ። ዝናቡ መልካም ነው የሚል ወሬ የማሽላን ዋጋ ያወርዳል፣ ጠፋ የሚል ወሬ ያስወድዳል። ሳተላይት ወገንተኛ አይደለም ቢባልም የራሱ ጉድለት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ መዝገብ ያለው ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መረጃ መሬቱን በግምት አምስት በአምስት ኪሎ ሜትር እየከፋፈለ ይገምታል፤ ይህ ስድስት ያህል ባለ 1,000 ፈዳን እርሻዎችን በአንድ ቁጥር መጠቅለል ነው። የቆላው ዶፍ ደግሞ አንዱን እርሻ አርሶ ጎረቤቱን ደረቅ ትቶ ያልፋል። ግምቱ የሚስተካከለው መሬት ላይ ባለ መለኪያ ነው። በየመንደሩ ርካሽ የዝናብ መለኪያ ተተክሎ ንባቡ በስልክ ቢላክ የማጋነንም የመድፈንም መድኃኒት ይሆናል።

ይህ የገበሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ከሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ፣ ቀጥሎም በቱናይድባ ዋልካ ላይ በድንኳን ተጠለሉ። በሰኔ 2024 መጨረሻ የሱዳኗ ከተማ ሲንጃ በአገሪቱ ጦርነት ስትያዝ ብዙ ሕዝብ ክረምቱ ሲገባ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። በዋልካ ላይ ያለ ጥርጊያ መንገድ ከጥቂት ዶፍ በኋላ ለከባድ መኪና አይሆንም፤ ስለዚህ ለመጠለያ ጣቢያ ወሳኙ ቁጥር ዝናቡ የሚገባበት ቀን ነው፤ እህልና መድኃኒት ከዚያ በፊት መግባት አለበት። ጤናም እንዲሁ ነው። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በደረቁ ወቅት የምትሸሸገው በዚሁ ዋልካ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ የወባ ትንኝ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ ኩሬው ላይ ትራባለች።

ስለዚህ ጥሩ የዝናብ ዘገባ ከመጠኑ ጋር ዝናቡ የገባበትን ቀን፣ ረጅሙን ደረቅ ክፍተት፣ የከባድ ዝናብ ቀናትን ቁጥር፣ የአፈሩን ሁኔታና የላይኛውን ተፋሰስ ወሬ ይዞ መውጣት አለበት፤ አንባቢውም እነዚህን ሲያጣ ለምን ጎደሉ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህን ለማድረግ ትልቁ እንቅፋት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ጦርነቱ የሱዳንን ተቋማት በትኗል፤ ይገባኛል በሚባባሉበት የፋሽጋ ድንበር መሬት ጉዳይም ሱዳንና ኢትዮጵያ ተኳርፈው ከርመዋል። በድንበር ያልተስማሙ መንግሥታት ግን በዝናብ መረጃ መስማማት ይችላሉ፣ ይገባቸዋልም። የጎንደርን ዶፍ በሰዓቱ ለገዳሪፍ መናገር ማንንም ከይገባኛል ጥያቄው ፈቀቅ አያደርግም፤ መናገሩ የራሃድን ዳር ነዋሪ በጊዜ ያስነሳል፣ ዝም ማለቱ ግን ከወንዙ ጋር ያፋጥጠዋል።