የዓሣ ገንዳ ማሞቂያ፦ ለሆሳዕና ብርድ የሚበጀውን እንዴት እንምረጥ?

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በከምባታ በኩል ያሉት ዱራሜና አንጋጫም ሌሊታቸው ቀዝቃዛ ነው። ቀን በፀሐይ የጋለው የቆርቆሮ ክዳን ማታ ሙቀቱን ፈጥኖ ይለቃል፤ ቤቱም አብሮት ይቀዘቅዛል። ሰው ጋቢውን ደርቦ ይተኛል። በሳሎን ጥግ በመስታወት ገንዳ (አኳርየም) ውስጥ የሚኖረው ዓሣ ግን የሰውነቱ ሙቀት የሚወሰነው በውሃው ሙቀት ስለሆነ የሚደርበው የለውም። ስለዚህ ዓሣ አርቢው ማሞቂያ ፍለጋ ይወጣል። የትኛውን ይግዛ? መልሱ ያለው በፊዚክስ ትምህርታችን ውስጥ ነው።

በቅድሚያ ዓሣው ማሞቂያ የሚያስፈልገው መሆኑን እንለይ። ወርቃማው ዓሣ (ጎልድፊሽ) ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ስለሚስማማው በሆሳዕና ቤቶች ያለ ማሞቂያ ሊኖር ይችላል። እንደ ጉፒ ያሉት የሞቃት አገር ዓሦች ግን 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ውሃ ይፈልጋሉ።

ስንት ዋት ይበቃል? ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 33 ሴንቲ ሜትር የሆነና 60 ሊትር ያህል ውሃ የሚይዝ ገንዳ እንውሰድ። የስድስቱ ገጾች ስፋት ሲደመር 1 ካሬ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ውሃው ከክፍሉ አየር በ1 ዲግሪ በበለጠ ቁጥር በዚህ ገጽ በኩል 6 ዋት ያህል ሙቀት ይባክናል ብለን እንገምት። ክፍሉ ሌሊት 16 ዲግሪ ቢሆን፣ ውሃውን በ25 ዲግሪ ለማቆየት 9 ጊዜ 6፣ ማለትም 54 ዋት ያስፈልጋል።

እንግዲያው የ75 ዋት ማሞቂያ ይበቃል? የመሥመሩ ኃይል 220 ቮልት ሆኖ ከዘለቀ ይበቃል። ነገር ግን ማታ ምጣዱና ምድጃው ሁሉ በአንድነት ሲበራ ቮልቴጁ ሊወርድ ይችላል። የማሞቂያ ኃይል የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው። ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ ማሞቂያው የሚሰጠው ከተጻፈበት ዋት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይሆናል፤ 75 ዋቱ 50፣ 100 ዋቱ ደግሞ 67 ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ ገንዳ የሚበጀው እንግዲህ ባለ 100 ዋቱ ነው።

«ከሆነስ ባለ 300 ዋቱን ገዝተን ለምን አንገላገልም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው ማሞቂያ ውስጥ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው የተሠራ ነው። ሲሞቅ ተጣምሞ ያጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ያበራል። በእያንዳንዱ ማብራትና ማጥፋት ግን መገናኛው ላይ ትንሽ ብልጭታ ይፈጠራል። ከብዙ ጊዜ በኋላ መገናኛው ተበየደና ማሞቂያው እንደበራ ቀረ እንበል። 300 ዋቱ ከ3 ሰዓት ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ ውሃውን ወደ 35 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ከዚያም ማሞቁን ይቀጥላል። 100 ዋቱ ግን 30 ዲግሪ ለመድረስ 12 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ክፍሉ 16 ዲግሪ እስከሆነም ድረስ ከ33 ብዙ አያልፍም። ባለቤቱ ጠዋት ተነስቶ ቴርሞሜትሩን ሲያይ ጉዳቱን ሊያተርፍ ይችላል።

በደጋው አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። በሆሳዕና ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ውሃ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ኦክስጅኑ ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ከልክ በላይ የሞቀ ውሃ የሆሳዕናን ዓሣ ከባሕር ዳርቻው ዓሣ ቀድሞ ያፍነዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዓሣው ነው፤ አሁን ወደ ሰው እንመለስ። የገላ ውሃ ለማሞቅ በባልዲ የሚነከረውን ማፍያ ወደ ዓሣ ገንዳ ማዛወር ፈጽሞ አይገባም። ቴርሞስታት የለውም፤ ኃይሉም እጅግ ብዙ ነው፤ ብረቱ መዳብ ከሆነም ለዓሣ መርዝ ነው። ለገንዳ የተሠራ ማሞቂያም ቢሆን መስታወቱ ከተሰነጠቀ ውሃው ከ220 ቮልት ጋር ይገናኛል። የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) በሌለበት ቤት እጁን ወደ ውሃው የሚያስገባ ልጅ እርሱ ራሱ የፍሰቱ መንገድ ሊሆን ይችላል። በሶኬቱ ውስጥ ግራና ቀኝ የሚታዩት የብረት ምላሶች በእርግጥ ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዛቸውን በባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ 30 ሚሊአምፔር ያህል ፍሰት ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያቋርጥ ብሬከር ማስገጠም ሕይወት ያድናል። ተራው ብሬከር ይህን አያደርግም፤ እርሱ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም።

ሲገዙ የተጻፈውን ዋት ብቻ አይመኑ። ማሞቂያው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ቴርሞስታቱ ወደ ከፍተኛው ዲግሪ ተዙሮ፣ በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል ያለው ተቃውሞ በመልቲሜትር ይለካ። ለ220 ቮልት የተሠራ ባለ 100 ዋት ማሞቂያ 484 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ውሃ ሲቀየር ማሞቂያውን አስቀድሞ መንቀልና እስኪበርድ 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይገባል፤ የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃልና። እጅም ወደ ውሃው መግባት ያለበት ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው።

መብራት ቢጠፋስ? ከላይ በወሰድነው ገንዳ በ6 ሰዓት ውስጥ ውሃው ከ25 ወደ 21 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይወርዳል። ገንዳውን አየር ማስገቢያ ትተን በጋቢ ብንጠቀልለውና ብክነቱ በግማሽ ቢቀንስ ግን የሚወርደው 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። መብራት ሲመጣም ጋቢው ከመብራቱ በፊት ይነሣ፤ ስፒናውም ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ተነቅሎ ይቆይ።