የልዩነቶች ልዩነት፦ የፖሊሲን ውጤት የሚለካው ዘዴ

አንድ መንግሥት አዲስ ሕግ አወጣ እንበል። በዓመቱ ሥራ አጥ በዛ። ጥፋቱ የሕጉ ነው? ወይስ ኢኮኖሚው ቀድሞውንም እየተቀዛቀዘ ነበር? «በፊት» እና «በኋላ»ን ብቻ ያስተያየ ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም። የፖለቲካ ሳይንስና የሕዝብ ፖሊሲ ተመራማሪዎች ይህን ችግር ለመፍታት ከሚማሯቸው ስታቲስቲካዊ ዘዴዎች አንዱ «የልዩነቶች ልዩነት» ነው።

በስፋት የሚጠቀሰው ምሳሌ ከአሜሪካ የተገኘ ነው። የኒው ጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1992 ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ከፍ አደረገች። ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ በነበረው ክፍያ ቀጠለች። ዴቪድ ካርድ እና አላን ክሩገር የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን በኒው ጀርሲና በምሥራቅ ፔንሲልቬንያ የሚገኙ 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን መረጡ፤ ጭማሪው ከመጽናቱ በፊትና ከጸና ከወራት በኋላ ስንት ሠራተኛ እንዳላቸው ጠየቁ።

በኒው ጀርሲ የአንድ ምግብ ቤት አማካይ የሠራተኛ ቁጥር በ0.6 ገደማ ጨመረ። በፔንሲልቬንያ ግን በ2.2 ገደማ ቀነሰ። ስሌቱ የመጀመሪያውን ለውጥ ወስዶ ሁለተኛውን ይቀንስበታል፤ ውጤቱ 2.8 ገደማ ጭማሪ ነው። ክፍያ ሲጨምር ቅጥር ይቀንሳል ብለው ለሚያምኑ ብዙ ባለሙያዎች ይህ አስደንጋጭ ነበር። ጥናቱ በ1994 ታተመ፤ በ2000 ሌሎች ተመራማሪዎች የደመወዝ መዝገቦችን ይዘው ተከራከሩት፤ ካርድና ክሩገርም መልስ ሰጡ። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

የዘዴው ጥንካሬም ድክመቱም ያረፈው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ ሕጉ ባይወጣ ኖሮ የሁለቱ ግዛቶች ለውጥ ተመሳሳይ ይሆን ነበር የሚል። ያልሆነውን ማየት ስለማይቻል ግምቱ በቀጥታ አይረጋገጥም። ጠንቃቃ ተመራማሪ ግን ከሕጉ በፊት የነበሩትን ዓመታት ይመረምራል። ሁለቱ ወገኖች ያኔ አብረው ይወጡና ይወርዱ ከነበረ ግምቱ ይጠነክራል፤ ያኔም ተለያይተው ይሄዱ ከነበረ ሌላ ማነጻጸሪያ መፈለግ ግድ ነው። በዚያው ጊዜ በአንደኛው ወገን ብቻ ሌላ ሕግ ወጥቶ እንደሆነም ያጣራል።

ስታታና አርን የመሳሰሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ስሌቱን በቅጽበት ይሠራሉ። ማነጻጸሪያውን መምረጥና ለምርጫው በማስረጃ መሟገት ግን የተመራማሪው ድርሻ ነው፤ ተማሪም ከሁሉ በላይ ሊተጋበት የሚገባው በዚህ ነው። የሕዝብ ገንዘብና የሰው ኑሮ በፖሊሲ ውሳኔ ላይ ተንጠልጥሏልና፣ «ፖሊሲው ሠርቷል» ያለ ሁሉ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።