የማታ ቡናና የሌሊት ዕንቅልፍ



ከቢሮ መልስ፣ ማታ በ12 ሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተጠርቶ መጨዋወት የቆየ ደግ ልማድ ነው። ዛሬ ልንነግራችሁ የምንሻው ያ ቡና ከሌሊቱ ዕንቅልፍ ጋር ስላለው ጠብ ነው።

ሰው ነቅቶ በቆየ መጠን አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ዐይን የሚያስከድነውም አንዱ ይኸው ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ስፍራ ቀድሞ ይይዝበታል። ስለዚህ ድካሙ ተሰወረ እንጂ አልተወገደም፤ አበዳሪው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

ከጠጣነው ካፌይን እኩሌታው ከሰውነት እስኪወጣ በአብዛኛው ሰው ዘንድ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ በ12 ሰዓት ከተጠጣው ቡና ግማሹ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይም ገና ሥራውን አልፈታም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ከመኝታቸው 6 ሰዓት አስቀድመው 400 ሚሊግራም ካፌይን፣ ማለት በትልልቅ ኩባያ 4 ቡና ያህል፣ የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ዕንቅልፍ አጥተዋል። የሚያስገርመው ራሳቸው ይህን ያህል መጉደሉን አለማስተዋላቸው ነው። «እኔን ቡና ዕንቅልፍ አይነሳኝም» የሚሉ ወዳጆቻችን ይህን ልብ ይበሉ።

ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ዕንቅልፍ የጎደለበት ጸሐፊ የደብዳቤ ቁጥር ቢያሳስት ይታረማል፤ መሪ ጨብጦ ያንጎላጀ ሹፌር ስሕተት ግን አይታረምም። ጉድለቱ ሲዘወተርም ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ያጋልጣል።

ቡናውን ተዉ አንልም፤ ማን ይተዋል! አቦሉም ቶናውም በረካውም ከቀትር በፊት ይሁን፤ ለማታው እንግዳ ትኩስ ወተት ይቅረብለት።